«ስለ እግዚአብሔር» እና «በሕግ አምላክ»፦ ስለ ምሕረትና ስለ ፍርድ የተዘጋጀ ትምህርት

ለንባብ፦ ዘዳግም 24፥6 እና 10–22፤ ሩት ምዕራፍ 2፤ ሚክያስ 6፥1–8፤ ማቴዎስ 23፥23፤ ሮሜ 3፥21–26

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት ከእንጦጦ ተራራ የተገኘ ነው። ያገኘነውም በጉባኤ ወይም በመማሪያ ክፍል ሳይሆን እርዳታ በምናድልበት ሰልፍ ላይ ከቆሙ አንዲት እናት ነው። ጥያቄያቸው አጭር ነበረ፤ ሙሉ መልሱን ግን እስካሁን በመፈለግ ላይ ነን። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ከፍታችሁ አብራችሁን እንድታጠኑ እንጋብዛችኋለን።

ሁለቱ ጩኸቶች

በአገራችን የተቸገረ ሰው ሁለት ዓይነት ጩኸት ይጮኻል። አንደኛው «ስለ እግዚአብሔር!» የሚለው ነው። ይህ የለማኝ ጩኸት ነው። ለማኝ የሚጠይቀው በእጁ የሌለውንና በሕግ ሊያስከፍል የማይችለውን ነገር ነው። ባይሰጡት ማንንም አይከስም። ተስፋው በሰጪው ርኅራኄ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው «በሕግ አምላክ!» የሚለው ነው። ይህ የተበደለ ሰው ጩኸት ነው። ጉልበተኛ ሲመታው፣ ንብረቱን ሲነጥቀው፣ ወሰኑን ሲገፋው ድኻው በዚህ ቃል ያቆመዋል። በአባቶቻችን ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው እጁን ሰብስቦ፣ ባለበት ቆሞ ወደ ዳኛ መሄድ ነበረበት። ይህን የሚጮኽ ሰው ስጦታ አይለምንም፤ የራሱ የሆነው እንዳይወሰድበት ወይም እንዲመለስለት ይጠይቃል።

ልብ እንበል፤ ሁለቱም ጩኸቶች የአምላክን ስም ይጠራሉ። አንዱ የርኅራኄን አምላክ፣ ሌላው የሕግን አምላክ ይጠራል። አምላክ ግን አንድ ነው። እንግዲህ የአንዱ አምላክ አገልጋዮች ነን የምንል እኛ ለአንደኛው ጩኸት ጆሯችንን ከፍተን ለሁለተኛው ልንደፍን እንችላለንን? የዚህ ትምህርት ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

እንጦጦ ማርያም ሁለቱም ጩኸቶች የሚሰሙባት ቦታ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ባለው በዚህ ተራራ ላይ ምኒልክ ያሠሩት ስምንት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡት በዚሁ ደብር ነው። በበዓል ቀን በደጀ ሰላሙ ዳር ነዳያን ተደርድረው «ስለ እግዚአብሔር» ሲሉ ይሰማል፤ ምእመናንም ይመጸውታሉ። ከዚያው አጠገብ በአስፋልቱ ዳር ግን ሌሎች ሴቶች ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ይወርዳሉ። እነዚህ እጃቸውን አይዘረጉም። ሁለቱም እጃቸው በደረታቸው ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ይዟል። በጀርባቸው ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ወይም ቅጠል አለ።

ተራራውና ማገዶው

የእነዚህን እናቶች ነገር ለመረዳት የተራራውን ታሪክ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ምኒልክ በእንጦጦ በከተሙበት ጊዜ የአካባቢው ዛፍ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ እየተቆረጠ አለቀ። ከተማው ወደ ፍል ውሃ አካባቢ ወርዶ አዲስ አበባ ከተባለ በኋላም የእንጨት ችግር አልቀረም፤ ከዚህም የተነሣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሡ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ከመለቀቅ ያዳናት ከአውስትራሊያ የተገኘው ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ ከባሕር ማዶ በመምጣቱ ባሕር ዛፍ ተባለ። ፈጥኖ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። ተራራውም በባሕር ዛፍ ተሸፈነ።

ዛፉ ግን ባለቤት ነበረው። መጀመሪያ የባለ ርስቶችና የመኳንንት ሀብት ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የገጠርና የከተማ መሬት አዋጆች ከወጡ በኋላ በከተማይቱ ዙሪያ ያለው ደን በመንግሥት እጅ ገባ። ባለቤቱ ቢለወጥም ለማገዶ ለቃሚዋ ሴት ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። በፊትም ዘበኛ ነበረ፤ በኋላም ዘበኛ አለ። እርስዋ ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሸክም፣ ብዙ ጊዜ ራስዋ 50 ኪሎ በማይሞላ ሰውነትዋ ላይ አድርጋ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። በተሸከመችው ማገዶ የከተማው እንጀራ ተጋግሯል። ዛሬ የኤሌክትሪክ ምጣድ በብዙ ቤት ቢገባም ሸክሙ ከተራራው ፈጽሞ አልቀረም።

የገመዱ ጥያቄ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት በተራራው ግርጌ ለሚኖሩ ችግረኛ እናቶች ዱቄት፣ ዘይትና ብርድ ልብስ አደልን። ዝናብ እየዘነበ ነበረ። በሰልፉ ከቆሙት መካከል በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት ድርሻቸውን ተቀብለው ከመረቁን በኋላ ከፊታችን አልነቃነቅ አሉ። ሌላ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ ጠየቅናቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ፤ ዱቄቱንስ ሰጣችሁኝ። ገመዴን ግን ማን ያስመልስልኛል?» አሉን።

ነገሩን ስንጠይቅ ከሦስት ቀን በፊት ዘበኛ ጫካ ውስጥ አግኝቷቸው ጭራሮውን ካስጣላቸው በኋላ ገመዳቸውንም እንደ ወሰደባቸው ነገሩን። «በሕግ አምላክ ብዬው ነበር፤ አልቆመም» አሉ።

እኛም መልስ አጣን። ከእኛ አንዱ ወዲያው ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ገመድ እንዲገዙ ሰጣቸው። በዚያ ቀን ደስ ብሎን ወደ ቤታችን ሄድን። በሳምንቱ ግን እኒያ እናት አዲሱም ገመድ እንደ ተወሰደ ነገሩን። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር ገባን። ገመድ መግዛት ምሕረት ነው፤ ገመድ ማስመለስ ግን ሌላ ሥራ ነው። ደግሞም ፍርዱ ሳይስተካከል ምሕረቱ ብቻ ቢቀጥል እኛ ገመድ እየገዛን ሌላው እየወሰደ ልንኖር ነው።

ወደ መጽሐፍ ቅዱስ እንመለስ።

1ኛ. መጁን አትውሰድ (ዘዳግም 24፥6 እና 10–15)

ሙሴ ለእስራኤል በሰጠው ሕግ ውስጥ ስለ መያዣ የተነገረ ክፍል አለ። አበዳሪ ከተበዳሪው መያዣ መቀበል ይችላል። ይህ መብቱ ነው፤ ሕጉም አልነፈገውም። ነገር ግን ወሰን አኖረለት። ወፍጮን ወይም መጅን መያዣ ማድረግ ተከለከለ፤ ምክንያቱም ይህ የሰውየውን ሕይወት እንደ መውሰድ ተቈጥሯል። ለምን? መጅ የተወሰደባት ሴት ዛሬ ዱቄት ብታገኝ እንኳ ነገ መፍጨት አትችልም። ዕዳዋን የምትከፍልበትን መሣሪያ ራሱን አጣች ማለት ነው።

እኛ ይህን ቁጥር ብዙ ጊዜ አንብበነዋል፤ ነገር ግን በእንጦጦ ግርጌ ከቆምን በኋላ ነው የገባን። የማገዶ ተሸካሚ መጅ ገመድዋ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ተመልከቱ። አበዳሪው መያዣውን ለመውሰድ ወደ ድኻው ቤት እንዳይገባ፣ ውጭ ቆሞ እንዲጠብቅ ታዟል። የድኻው ደጃፍ የተከበረ ነው። ድኻው ልብሱን አስይዞ እንደ ሆነ ፀሐይ ሳትገባ ይመለስለት ተብሏል፤ ሌሊት የሚለብሰው ሌላ የለውምና። የቀን ሠራተኛም ደመወዙ በዚያው ቀን ይከፈለው ዘንድ ታዟል።

እነዚህ ትእዛዛት ምሕረት ናቸው ወይስ ፍርድ? በእኛ አነጋገር ልብስ መመለስ «ደግነት» ነው። በዚያ ክፍል ግን ልብሱን የመለሰ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ጽድቅ ሆኖ እንደሚቈጠርለት ተጽፏል። ደመወዝ የዘገየበት ሠራተኛም ወደ እግዚአብሔር ቢጮኽ በአሠሪው ላይ ኃጢአት ይሆንበታል። ስለዚህ በእግዚአብሔር ሕግ ውስጥ ርኅራኄ ከፍርድ ውጭ የቆመ ጌጥ አይደለም፤ ከፍርዱ ውስጥ የገባ ነው። በአገራችን ምጽዋት የሰጠን ሰው «ጽድቅ ሠራ» እንላለን። አባባሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ምጽዋቱን ብቻ ጽድቅ ብለን ትክክለኛ ዋጋ መክፈልን ከጽድቅ ካወጣነው ቃሉን አሳንሰነዋል።

2ኛ. የቃርሚያው ሕግ (ዘዳግም 24፥19–22፤ ሩት 2)

በዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ስለ ቃርሚያ ተነግሯል። ባለ እርሻ ሲያጭድ የረሳውን ነዶ ለመውሰድ እንዳይመለስ፣ ወይራውንና ወይኑንም ሁለተኛ እንዳይለቅም ታዟል። የቀረው ለመጻተኛ፣ ለድኻ አደግና ለመበለት ነው። ምክንያቱም ተሰጥቷል፦ እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ እንደ ነበረ ያስብ ዘንድ።

በዚህ ሕግ ሁለት ነገር እናያለን። እርሻው የባለቤቱ ነው፤ መበለቲቱ ነዶውን ከክምሩ ልትወስድ አልተፈቀደላትም። ቃርሚያው ግን የእርስዋ ነው፤ ባለቤቱ ሊከለክላት አልተፈቀደለትም። ስትለቅም «ስለ እግዚአብሔር» ማለት አያስፈልጋትም። ማንም ቢከለክላት «በሕግ አምላክ» ማለት ትችላለች።

አሁን ሩትን አስቡ። ባልዋ የሞተባት የባዕድ አገር ሴት ናት። ከአማትዋ ጋር የሚበሉት ስላልነበራቸው በመከር ወራት ለመቃረም ወጣች። የቦዔዝ እርሻ ደረሰች። ቦዔዝ ምን አደረገ? በመጀመሪያ ሕጉን ፈጸመ፤ እንድትቃርም ተዋት። ይህ ፍርድ ነው። ሁለተኛ፣ ሠራተኞቹ እንዳይነኳትና እንዳያሳፍሯት አዘዘ፤ ከውኃቸው እንድትጠጣ፣ ከማዕዳቸውም እንድትበላ አደረገ። ይህ ክብር ነው። ሦስተኛ፣ ከነዶው ሆን ብለው እየመዘዙ እንዲተዉላት አጫጆቹን አዘዘ። ይህ ምሕረት ነው።

ቅደም ተከተሉን አትርሱ። ቦዔዝ የመቃረም መብትዋን ከልክሎ በምትኩ አንድ ቁና ገብስ ቢመጸውታት ኖሮ ሰዎች ደግ ባሉት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን ሕግ ተላላፊ ባለው ነበር። ምሕረቱ የተጨመረው በፍርዱ ላይ እንጂ በፍርዱ ፈንታ አይደለም። ደግሞም ቦዔዝ ስለ አጫጆቹ ጠባይ ግድ ብሎታል። ጌታው ደግ ሆኖ አጫጆቹ ክፉ ቢሆኑ ለሩት ምን ይጠቅማታል? በሜዳው ላይ የምታገኘው ጌታውን ሳይሆን አጫጆቹን ነው። እኛም «ድርጅታችን ሩኅሩኅ ነው» ስንል በሰልፉ ላይ ያለው አከፋፋይ ድኻውን እንዴት እንደሚያናግረው መመርመር ይገባናል።

3ኛ. ዘበኛውም ባልንጀራ ነው (ሚክያስ 6፥1–8፤ ማቴዎስ 23፥23)

ወደ ገመዱ ነገር እንመለስ። ከእኛ ሁለቱ ዘበኛውን ለማነጋገር ወደ ጫካው ወጡ። ክፉ ሰው እናገኛለን ብለን ነበር፤ ያገኘነው ግን በእግሩ የፕላስቲክ ጫማ ያደረገ፣ ብርድ ያጠቆረው አባወራ ነው። «እኔ በምጠብቀው ክልል ዛፍ ተቆርጦ ቢገኝ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ እኔም ልጆች አሉኝ» አለን። ደግሞም እውነት የሆነ ነገር ነገረን፤ ጭራሮ ለቀማ ብለው ገብተው ለጋ ዛፍ የሚቆርጡ አሉ፤ ቅጠሉም ሁሉ ተጠርጎ ሲወሰድ አፈሩ ይራቆትና ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይጠርገዋል፤ ጎርፉም የሚወርደው በታች ባሉት ድኾች ቤት ላይ ነው።

ከዚህ የምንማረው ፍርድ ቀላል ነገር አለመሆኑን ነው። ለአንዲት እናት ማዘን ሕጉን ሁሉ ማፍረስ አይደለም። የደኑ ሕግ ራሱ ለብዙ ሰዎች የተሰጠ ጥበቃ ነው። ሕጉን ያለ ምሕረት የሚፈጽም ገመድ ይወስዳል፤ ምሕረትን ያለ ሕግ የሚሻ ደግሞ ተራራውን ያራቁታል። ነቢዩ ሚክያስ እግዚአብሔር ከሰው የሚፈልገውን ሲናገር ትክክለኛ ፍርድን፣ የምሕረትን ፍቅርና ከአምላክ ጋር በትሕትና መመላለስን በአንድነት አስቀመጠ። ሦስተኛው ለምን ተጨመረ? የሚፈርድ ሰው ይታበያል፤ የሚመጸውት ሰውም ይታበያል። በአምላኩ ፊት ትሑት የሆነ ብቻ ነው ሁለቱን ይዞ መሄድ የሚችል።

ጌታችንም ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው አሥራት ስላወጡ አልነበረም። ከአዝሙድና ከእንስላል እንኳ አሥራት እያወጡ በሕጉ ውስጥ ዋና የሆነውን፣ ማለትም ፍርድን፣ ምሕረትንና ታማኝነትን ስለ ተዉ ነው። አሥራቱንም ሳይተዉ ይህን ማድረግ ይገባቸው ነበረ።

ከዘበኛው ቀጥለን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄድን። ደጋግመን መመላለስ ነበረብን። በመጨረሻ አንድ ሹም ደንቡን አውጥተው አነበቡልን። ያለ ፈቃድ የተቆረጠ እንጨት ይወረሳል ይላል። ስለ ገመድ ግን አንድም ቃል አልነበረበትም። ሹሙ ራሳቸው ተገርመው የዕቃ ክፍሉን አስከፈቱ። በማዕዘኑ ላይ የገመድ ክምር ነበረ። የሲባጎ፣ የጠፍር፣ የተቀጣጠለ ጨርቅ ሳይቀር አለበት። እኒያ እናት ተጠርተው መጡና ገመዳቸውን በቋጠሮው ለዩት። «ይኸው፤ እኔ ነኝ የቋጠርኩት» አሉ። ሌሎችም ተጠርተው ወሰዱ። እንግዲህ በጫካው ውስጥ የተጮኸው «በሕግ አምላክ» እውነተኛ ጩኸት ነበረ። ሕጉ ከእሳቸው ጋር ነበረ፤ የሚያነብላቸው ሰው ግን አልነበረም።

4ኛ. በገዛ ቤታችን

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ እኛ ጀግኖች ሆነን በቀረን ነበር። እግዚአብሔር ግን እንዲህ አልተወንም። ገመዳቸው በተመለሰ በጥቂት ቀን እኒያን እናት ከጉባኤ ማብሰያ ክፍላችን ደጃፍ ላይ ሸክማቸውን አውርደው ሲከራከሩ አገኘናቸው። ለጉባኤው ወጥ የሚሠሩ ሰዎቻችን ማገዶ የሚገዙት ከእሳቸውና ከመሰሎቻቸው ኖሯል። ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል የመጣች ተሸካሚ ሸክምዋን ይዛ ወደ ተራራው ልትመለስ ስለማትችል በዚያ ሰዓት ዋጋው ግማሽ ድረስ እንደሚወርድ እያወቁ እስኪመሽ ይጠብቁ ነበረ። የቆጠቡትንም ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ሣጥን ያስገቡ ነበረ! በክፋት አላደረጉትም፤ ቁጠባ መስሏቸው ነው።

እኒያ እናት ሲያዩን አፈሩ እንጂ አልከሰሱንም። እኛ ግን ዘዳግም 24፥15 ትዝ አለን። ከዘበኛው ገመዱን ያስመለስን ሰዎች በጓዳችን የድካማቸውን ዋጋ ይዘን ተገኘን። በዚያው ሳምንት ተሰብስበን ንስሐ ገባን። ለአንድ ሸክም የሚከፈለው ዋጋ በጠዋትም በማታም አንድ እንዲሆን ወሰንን። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማብሰያ ክፍል ደጃፍ ነው።

5ኛ. የፍርድና የምሕረት መገናኛ (ሮሜ 3፥21–26)

ይህን ሁሉ በራሳችን ጉልበት ማድረግ እንችላለን ብለን አንሰብክም። የክርስትና ትምህርት መሠረቱ መስቀሉ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ እግዚአብሔር ኃጢአትን ዝም ብሎ እንዳላለፈ፣ ኃጢአተኛውንም እንዳልጣለ ያስተምረናል። በልጁ ደም ራሱ ጻድቅ ሆኖ ጸንቶ የሚያምነውን ያጸድቃል። በዚያ ፍርዱ አልተሻረም፤ ተፈጸመ። ምሕረቱም አልተከለከለም፤ ፈሰሰ። ሁለቱ በአንድ ሥፍራ ተገናኙ።

ስለዚህ በመስቀሉ የዳነ ሰው ሁለቱን መለየት አይችልም። ዕዳው ስለ ተከፈለለት ለሌላው ይራራል፤ ዕዳው በዋዛ ስላልተከፈለ ደግሞ በደልን በዋዛ አያልፍም። ይህ ሥራችን ድነታችንን አያስገኝልንም፤ የዳንን መሆናችንን ግን ያሳያል።

የቀደሙን ምስክሮች

በአገራችን ይህን ትምህርት በኑሯቸው ያስተማሩ አሉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. በውጭ አገር ላሉ ረጂ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት ደብዳቤ ጽፋ ነበር። በዚያን ጊዜ ለልማት ሥራ ገንዘብ በቀላሉ ሲገኝ ለወንጌል ስብከት ግን በችግር ይገኝ ነበረ። ደብዳቤው ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ሊከፋፈል እንደማይገባው፣ አገልግሎትም ሁለንተናውን መድረስ እንዳለበት አስረዳ። ከሁለት ዓመት በኋላ በስዊዘርላንድ በሎዛን ከተማ የተሰበሰቡ ወንጌላውያን መሪዎች ስብከትንና ማኅበራዊ ኃላፊነትን ተቃራኒ አድርገው ስላዩበት ጊዜ በቃል ኪዳናቸው ንስሐቸውን ገለጹ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። ለሁለንተናዊ አገልግሎት መቆም ዋጋ እንደሚያስከፍል ሕይወታቸው ይመሰክራል።

የረሃቡንም ዘመን አንርሳ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ወገኖቻችን ሲያልቁ ነገሩ ለብዙ ጊዜ ተሸፍኖ ቆየ። የሚራራ ሰው በአገር ውስጥም በውጭም አልጠፋም ነበር፤ እውነቱ ስለ ተደበቀ ግን ርኅራኄው በጊዜው አልደረሰም። ፍርድና እውነት ሲታፈኑ የምሕረትም መንገድ እንደሚዘጋ ከዚህ እንማራለን። በ1977 ዓ.ም. ከየአገሩ የመጣው እርዳታ ደግሞ ብዙ ሕይወት አድኗል። ስለዚህ ምሕረትን የምናቃልል አይደለንም። የተራበ ሰው ዛሬ መብላት አለበት፤ የፍርዱ ነገር እስኪስተካከል አይቆይም።

ዛሬ በእንጦጦ

ከተራራው ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በእንጦጦ ግርጌ ቀድሞ ማገዶ ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች ማኅበር አቋቁመው ሸክሙን በሽመና ሥራ ለውጠዋል፤ ነጠላና የአንገት ልብስ ሠርተው ይሸጣሉ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈትም እንጨት ይለቅሙ ከነበሩት እናቶች ሥራ ያገኙ አሉ። ጌታ ይመስገን። እኒያ የገመዱ እናት ግን ለሽመናም ለሌላ ሥራም ዕድሜያቸው አልፎ ጉልበታቸው ደክሟል። ደንቡ ስለ ወደቀ ጭራሮ ለቀማ ቀንና ቦታ እንዲወስን ያቀረብነው ጥያቄም እስካሁን መልስ አላገኘም። ስለዚህ ዱቄቱንም እናደርሳለን፤ ወደ መሥሪያ ቤቱም እንመላለሳለን።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ አንድ ነገር በግልጽ እንንገራችሁ። የዱቄት ጆንያ ተቈጥሮ በሪፖርት ይጻፋል፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። አንድ ገመድ ለማስመለስ የተደረገ ምልልስ ግን በሪፖርት ላይ አንድ መስመር አይሞላም። እናንተ የቁጥሩን ብዛት ብቻ የምትጠይቁን ከሆነ እኛም ቀስ በቀስ የሚቈጠረውን ብቻ ወደ መሥራት እናዘነብላለን። ስለዚህ «ስንት ሰው ረዳችሁ?» ብላችሁ ስትጠይቁን «የማንን ጩኸት ሰማችሁ?» ብላችሁም ጠይቁን። ጸልዩልን፤ ገሥጹንም።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ «ስለ እግዚአብሔር» የሚሉ እነማን ናቸው? «በሕግ አምላክ» የሚሉትስ? ለየትኛው ጩኸት ፈጥናችሁ ትመልሳላችሁ? ለምን?

2. ዘዳግም 24፥6ን አንብቡ። በሰፈራችሁ የሊስትሮው፣ የልብስ አጣቢዋ፣ የጉልት ቸርቻሪዋ «መጅ» ምንድን ነው?

3. በሩት ምዕራፍ 2 ቦዔዝ ከሕጉ የተነሣ ያደረገውንና በሕጉ ላይ የጨመረውን ለይታችሁ ጻፉ።

4. ለዘበኛው ምሕረት ማድረግ ምን ማለት ይሆን ነበር?

5. በቤታችሁ፣ በሱቃችሁ ወይም በቤተ ክርስቲያናችሁ ችግረኛ በመሆኑ ምክንያት ዋጋው የሚቀነስበት ሰው አለን? በዚህ ሳምንት ምን ታስተካክላላችሁ?

ጸሎት

የድኻ አደግና የመበለት አምላክ ሆይ፣ ሁለቱንም ጩኸቶች የምትሰማ አንተ ነህ። ሰጥተን እንዳንታበይ፣ ፈርደንም እንዳንጨክን ጠብቀን። በእጃችን ያለውን የሌላውን ገመድ አሳየን፤ ፀሐይ ሳትገባም እንድንመልስ እርዳን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።